ምዕራፍ 5፦ አጠገብ የሚቆም ሰው

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የመጣው ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን ነበር። አጋሮ በዚያ ወቅት ሥራ የሚፈታ ሰው የላትም፤ ልጅ አዋቂው ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ለለቀማ ይወጣል። እኔ ግን ውጤቴን ካየሁ ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም። ያመጣሁት ነጥብ ዩኒቨርሲቲ አያስገባም። ከቤተ ክርስቲያን ወንድሞች መጥተው “አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል” ብለውኝ ሄደዋል። ያሉት እውነት ነው፤ ግን ቃሉ ሰማይ ላይ ቀረ እንጂ እኔ ወደተኛሁበት መደብ አልወረደም።

በአራተኛው ቀን ማምሻውን አንዲት ጎረቤታችን መጡ። እትዬ ነበር የምንላቸው። እናቴ ቡና አፈላች። አቦሉ ተጠጣ፤ ስለ ውጤቴ አላነሡም። ቶናው ቀረበ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ለቃሚ እጥረት ከእናቴ ጋር ተጨዋወቱ። በረካው ላይ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ አምና ለልጄ የጻፍክልኝን ደብዳቤ ታስታውሳለህ?”

“አስታውሳለሁ እትዬ።”

“ለፋሲካ ሲመጣ ‘እማዬ፣ ይኼን ማን ጻፈልሽ? አጠገቤ ቁጭ ብለሽ የምታወሪኝ መሰለኝ’ አለኝ። አንተ የሰው ቃል ሳታጎድል መጻፍ ታውቃለህ። የዕድራችን መዝገብ የሚይዝ ሰው አጥተናል። ነገ ጠዋት ና፤ ለሰብሳቢው ነግሬዋለሁ።”

ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ጠርዙ የተበላ መዝገብ ፊቴ ተዘረጋ። ያን ቀን በብዕር የጻፍኩት የሰው ስምና የወር መዋጮ ነው፤ ከመደቤ ያስነሣኝ ግን እርሱ ነው።

ይህ ምዕራፍ እትዬ ያደረጉትን ነገር ለመረዳት የተጻፈ ነው። ሴትየዋ አራት ነገር አድርገዋል። አዩኝ፤ ያዩትን በስሙ ጠሩት፤ ሥራ ሰጡኝ፤ ከዚያም ተመልሰው መጡ። የአራተኛውን ታሪክ ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። አሁን የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማበረታታት ማለት እግዚአብሔር በሰው ውስጥ ያስቀመጠውን አይቶ፣ ባለቤቱ ራሱ እንዲያየው አጠገቡ መቆም ነው። ይህ ደግሞ ሊለማመዱት የሚቻል ነገር ነው።

በሥራው የወጣለት ስም

የጅማ ሰው ስም ከሥራ እንደሚወጣ ያውቃል። የጅማው ንጉሥ የተጠራበት “አባ ጅፋር” የፈረስ ስም ነው፤ ጀግናው በሚጋልበው ፈረስ ይጠራ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 መጨረሻም እንዲህ ያለ ስም የወጣለት ሰው እናገኛለን። የቆጵሮስ ተወላጅ፣ ከሌዊ ወገን የሆነ ዮሴፍ የሚባል ሰው ነው። ሐዋርያት በእናት አባቱ ስም አልጠሩትም፤ በርናባስ አሉት። ሉቃስም የስሙን ትርጉም ሲነግረን ከመጽናናት ጋር ያያይዘዋል።

ሉቃስ በዚያ ቦታ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ፓራክሌሲስ ነው። ቃሉ ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ አንዱ “አጠገብ”፣ ሌላው “መጥራት” ማለት ነው። ይህ ለእኛ ባዕድ ድምፅ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ በሃምሳኛው ቀን የምናከብረው በዓል ጰራቅሊጦስ ይባላል፤ ከዚያው ሥር የወጣ ቃል ነው። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል መንፈስ ቅዱስን አጽናኝ ብሎ ሲጠራው የተጠቀሰው ስም ይኸው ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሐዋርያት ለዚህ ሰው ያወጡለት ስም ከመንፈስ ቅዱስ ስም ጋር ዘመድ ነው። የደከመ ሰው ቤት ገብተን አጠገቡ ስንቀመጥ የራሳችንን ደግነት ይዘን አልሄድንም፤ አስቀድሞ እዚያ ያለው አጽናኝ ነው፣ እኛ ከእርሱ ጎን እንቀመጣለን። ይህን ያወቀ ሰው ብዙ ሸክም ይወርድለታል። ሰውን የማዳን ግዴታ የለበትም። ተገኝቶ አብሮ ማየት ነው የእርሱ ድርሻ።

እስከ ጠርሴስ የሄደ ሰው

የበርናባስን ሥራ ተራ በተራ ስንከተል እያንዳንዱ ዋጋ እንዳስከፈለው እናያለን። በመጀመሪያ መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር ሥር አኖረ። ለተቸገረ ሰው መጽናናት አንዳንድ ጊዜ በኪስ በኩል እንደሚገባ ያውቅ ነበር።

ቀጥሎ በምዕራፍ 9 ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም መጣ። ትናንት ክርስቲያኖችን እያሳደደ ሲያስር የነበረ ሰው ነውና ሁሉም ፈሩት። በርናባስ ይዞት ወደ ሐዋርያት ገባ፤ በደማስቆ መንገድ የሆነውንም ተረከላቸው። እዚህ ላይ ያስያዘው ስሙን ነው። ሳውል ቢከዳ ኖሮ የሚታማው በርናባስ ነበር።

ከዚያ በምዕራፍ 11 ወደ አንጾኪያ ተላከ። እርሱ ያልጀመረው፣ ሌሎች የተከሉት ሥራ አብቦ ጠበቀው። ሉቃስ የሚነግረን በርናባስ የእግዚአብሔርን ጸጋ አይቶ ደስ እንዳለው ነው። በሌላው መሳካት መደሰት የማይችል ሰው ለረጅም ጊዜ ሊያበረታታ አይችልም፤ ቅናት ውሎ አድሮ ምላሱን ያደርቀዋል። ሥራው ሲበዛ ደግሞ በርናባስ ራሱን አላገዘፈም፤ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ሳውልን ፈለገው፤ ባገኘውም ጊዜ ወደ አንጾኪያ አመጣው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እስከ ምዕራፍ 13 ድረስ የምናነበው “በርናባስና ሳውል” እያልን ነው። ከዚያው ምዕራፍ አጋማሽ በኋላ ግን ተራው ተገልብጦ ሳውል፣ ጳውሎስ በሚለው ስሙ፣ መቅደም ይጀምራል። በርናባስ በዚህ ሲያኮርፍ አናይም። ያበረታታችሁት ሰው የሚቀድማችሁ ቀን ይመጣል፤ ዕለቱ ለቅን ልብ የምርት ቀን ነው።

ማርቆስ የሚባለው የዮሐንስ ጉዳይም አለ። በመጀመሪያው የወንጌል ጉዞ መካከል በርናባስንና ጳውሎስን ጥሏቸው ተመለሰ። በሁለተኛው ጉዞ በርናባስ “እንውሰደው” አለ፣ ጳውሎስ እምቢ አለ። ጠቡ በርትቶ ተለያዩ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ በመጨረሻው መልእክቱ ጢሞቴዎስን ማርቆስን አምጣልኝ፣ ይጠቅመኛል ይለዋል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሁለተኛውን ወንጌል የጻፈው፣ የእስክንድርያንም መንበር የመሠረተው እርሱ እንደሆነ ይነግረናል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያው ጳጳሷ ከፍሬምናጦስ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳሳቷን የተቀበለችው ከዚያ መንበር ነው። አንድ ሰው ተስፋ ላልተጣለበት ወጣት አንድ ዕድል ጨመረለት፤ የበረከቱ ጎርፍ እስከ እኛ ደረሰ።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሚወዳቸውን ሰዎች ድካም አይሸፍንም። በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 አንጾኪያ ላይ አይሁድ ያልሆኑት አማኞች ከማዕድ ሲገለሉ በርናባስም ተስቦ አብሮ ራቀ። የሚያበረታታ ሰው ፈተናው ይህ ነው። ሰው እንዳይከፋው ሲጠነቀቅ እውነትን ሊተው ይችላል። እውነት የሌለበት ማበረታቻ ሽንገላ ነው፤ ለጊዜው ይጣፍጣል፣ አቅም ግን አይሆንም።

ከሊሙ የተወሰደች ልጅ

እንደ በርናባስ ያለ ሰው በእኛም አገር ታሪክ አለ። በጅማ አካባቢ ያለችው ሊሙ ዛሬ በቡናዋ ትታወቃለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ሊሙ እናርያ ከጅማ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች። በዚያ ዘመን በሲራራ ነጋዴ መንገድ የሚጓዘው ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የተወለደች አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቀች። ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ፣ በ1886 የጣሊያን ባሕር ኃይል መርከቡን ያዘው። አስቴርና አብረዋት የነበሩት ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰዱ።

እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር። ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ ከጅማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ “ተርጓሚ” ማለት ነው። እርሱም በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ነበር። በ1870 ምፅዋ ላይ ነጻ ወጣ፣ በ1872 ተጠመቀ፣ ስዊድን ሄዶ ተምሮ ተመለሰ። የክርስትና ስሙ ጳውሎስ ስለ እርሱ ወደ ፊልሞና ከጻፈለት ባሪያ የተወሰደ ነው፤ በግሪክ “የሚጠቅም” ማለት ነው። ጳውሎስ በዚያ መልእክት በስሙ ትርጉም እየተጫወተ፣ ትናንት የማይጠቅም የተባለው ሰው ዛሬ ለሁለታችንም የሚጠቅም ሆኗል ይላል።

ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመመለስ ሥራ ይዞ ነበር። ችግሩ ከአገሩ የወጣው ገና ልጅ ሳለ መሆኑ ነው፤ የቋንቋው ሙላት በእጁ አልነበረም። ከተማሪዎቹ መካከል የሊሙዋን ልጅ ተመለከተ፤ ብሩህ አእምሮ እንዳላት፣ ለቋንቋዋም ልዩ ስሜት እንዳላት አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ከባርነት የወጣች ምስኪን ልጅ ብቻ ባየ ነበር። ኦኔሲሞስ ያየው እግዚአብሔር ያስቀመጠባትን ነገር ነው። ምናልባት እርሱ ራሱ በዚያ መንገድ ስላለፈ ነው፤ የተሸጠ ሰው ከዋጋው በላይ እንደሆነ በሕይወቱ ያውቃል።

ካየ በኋላ አደራ ሰጣት። አስቴር ወደ 15,000 የሚሆኑ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች። ያ የቃላት ስብስብ በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት ረዳ። ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና የሕዝብ ዜማዎችም ከአእምሮዋ አውጥታ ጻፈች፤ ከእነርሱ የተወሰኑት በ1894 ለተማሪዎች በወጣው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1904 ከኦኔሲሞስና ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ ነቀምት ላይ ልጃገረዶችን አስተማረች፤ እስከ 1964 በሕይወት ኖረች።

ያቺ ልጅ የተነጠቀችው አገሯን፣ ቤተሰቧን፣ ነጻነቷን ነው። ማንም ሊነጥቃት ያልቻለው እናቶች በምሽት የነገሯት ተረት፣ ጎረቤት ሲያወራ የሰማችው ቃል ነው። የሚያበረታታ ሰው የጠፋውን ብቻ አይቆጥርም፤ የቀረውን ይፈልጋል። የተገኘው ደግሞ ለአንድ ሕዝብ መጽሐፍ የሚበቃ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ርዕስ ገጽ በተርጓሚነት የያዘው የኦኔሲሞስን ስም ነው፤ የአስቴር ድርሻ የሚገባውን ያህል ሳይነገር ረጅም ዘመን አለፈ። ስለዚህ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው እንውሰደው። ሰውን ሥራ ማስያዝ ጥሩ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በአደባባይ በስሙ መጥራት የማበረታታቱ ግማሽ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ለጉባኤ ወጥ የሚሠሩትን፣ ወንበር የሚደረድሩትን፣ ከመድረክ ጀርባ የሚጸልዩትን እናቶች በስማቸው የሚያውቃቸው መሪ ስንት ነው?

ያው ዛፍ፣ ያው ፍሬ

የጅማን ዙሪያ ያየ ሰው ማስተዋልን ከቡናው ይማራል። ለረጅም ዓመታት የአካባቢው ቡና በአብዛኛው ገበያ የሚወጣው ያልታጠበ ሆኖ፣ “ጅማ 5” በሚል የደረጃ ስም ነበር። ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ አንድ ላይ ይሸመጠጣል፤ ባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ የአፈር ጣዕም ይይዛል። ገዢው ስሙን ሲሰማ ዋጋውን ይቀንሳል። ገበሬውም ውሎ አድሮ “የእኛ ቡና እንዲህ ነው” ብሎ ተቀበለው።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት በአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ቀዩን እሸት ብቻ መልቀም፣ በዚያው ቀን መፈልፈልና ማጠብ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ማድረቅ ጀመሩ። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ ዱሮሚና ነው። በ2012 ቡናው በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የጣዕም ውድድር ዓለም አቀፍ ቀማሾች ፊት ቀርቦ አንደኛ ወጣ። ዛፉ አልተቀየረም። አፈሩ፣ ዝናቡ፣ የዋንዛው ጥላ ያው ነው። የተቀየረው ሰው ፍሬውን የሚያይበት ዓይንና የሚይዝበት እጅ ነው።

መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሌላ ትምህርት አለው። በ1971 እ.ኤ.አ. ያልበሰለውን የቡና ፍሬ የሚያጠቁር በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ብዙ ማሳ ባዶ አስቀረ። ተመራማሪዎቹ ጫካ ገብተው የፈለጉት በታመሙት መካከል ፍሬያቸው ሳይነካ የቆሙትን ዛፎች ነው። በ1974 የተመረጡት ዛፎች የዓመቱን ቁጥር በስማቸው ይዘው ቀሩ፤ 74110 እና 74112 ዛሬም በገበሬው ማሳ አሉ። ፈውሱ የተገኘው እዚያው ከተጎዳው ጫካ ውስጥ ነው።

ሰው ፊትም እንዲህ መቀመጥ ይቻላል። “ጅማ 5” የሚል ስም የለጠፍንባቸው ስንት ልጆች በቤታችን አሉ? ሰነፍ፣ ቀዥቃዣ፣ ዓይነ አፋር እያልን ደረጃ ሰጥተናቸው፣ እነርሱም አምነው ተቀምጠዋል። አያያዛችን ቢቀየር ከዚያው ልጅ ምን ይወጣ ነበር?

ክትክታው ዛፍ ሥር

ይህን ሁሉ ለማድረግ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ራሱ የደከመ ሰው እንዴት ሌላውን ያነሣል? እምነት የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው።

ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ካሸነፈ በኋላ በኤልዛቤል ዛቻ ሸሸ። በረሃ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ነፍሱ እንድትወሰድ ለመነ። እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ አልገሠጸውም፤ የትናንቱን ድል አንሥቶ አልሰበከውም። የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ራስጌው አኖረለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ እንደገና ዳሰሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። እግዚአብሔር ስለ ሥራው ያናገረው ከአርባ ቀን በኋላ ኮሬብ ላይ ነው። በዚያም አዲስ አደራ ሰጠው፣ ብቻህን አይደለህም ብሎም ሰባት ሺህ እንዳሉ ነገረው።

የሰማዩ አባት ማበረታቻ ቅደም ተከተል አለው፦ እንጀራ፣ እንቅልፍ፣ ጆሮ፣ ከዚያ አደራ፣ ከዚያ ወገን። እኛ ብዙ ጊዜ ከአራተኛው እንጀምራለን። የተራበን ሰው “በርታ” እንለዋለን። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዘው የሚመጡ እናቶቻችን ይህን ሥነ መለኮት ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል።

ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት መግቢያ ላይ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ በመከራችን ያጽናናን እግዚአብሔር፣ በዚያው መጽናናት ሌሎችን እንድናጽናና ነው። ስለዚህ የተሻለ አበረታች ለመሆን የመጀመሪያው እርምጃ ቃል መፈለግ አይደለም፤ እኛ ራሳችን በክትክታው ሥር ሳለን ማን እንጎቻ እንዳመጣልን ማስታወስ ነው። ያልተቀበለውን ለመስጠት የሚሞክር ሰው ይነጥፋል። የተቀበለውን የሚያሳልፍ ሰው ግን እንደ ጅማው አዌቱ ወንዝ ነው፤ ከላይ እስከመጣለት ድረስ ይፈስሳል።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ

ለመጀመር ትልቅ ነገር አይጠበቅም። በጠዋት ጸሎታችሁ ላይ የአንድ ሰው ስም ጥሩና፣ “ጌታ ሆይ፣ በዚህ ሰው ውስጥ ያስቀመጥከውን አሳየኝ” በሉ። ያያችሁትን በልባችሁ አታስቀሩት። “ጎበዝ ነህ” አትበሉት፤ ምን እንዳደረገ፣ ለማን እንደጠቀመ ንገሩት። “ትናንት ያን ሽማግሌ ያስተናገድክበት ትዕግሥት ልቤን ነካው” ብትሉት፣ የሚይዘው ነገር አገኘ ማለት ነው።

ጎረቤታችሁ ሙስሊም ከሆነም ይኸው ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የአንዱ ቤት ቡና ለሌላውም ይፈላል። መልካም ነገርን በሰው ላይ አይቶ መመስከር እምነታችንን አያሳንስም፤ ሁሉንም በመልኩ የፈጠረውን ጌታ ያከብራል።

ከተቻለ ደግሞ አንድ ትንሽ አደራ ስጡ። ለመጸለይ የሚፈራውን ልጅ ለምግብ እንዲጸልይ ጋብዙት። ከሥራ የተቀነሰውን ወንድም የኅብረቱን ሒሳብ እንዲያይላችሁ ለምኑት። ቃል ያጽናናል፤ አደራ ግን ሰውን በእግሩ ያቆመዋል። ቢሳሳት አትንጠቁት፤ ማርቆስን አስቡ።

በመጨረሻም ተመለሱ። ያቆየሁት የእትዬ አራተኛ ሥራ ይህ ነው። መዝገቡን በያዝኩ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቤታችን ጎራ አሉ፤ “እስቲ መዝገቡን አምጣው” አሉኝ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ደብዳቤ የሚያጽፉኝም ለዚያ ነበር። መነጽር ሳያደርጉ ገጹን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። “አንብብልኝ” አሉ። የአባላቱን ስም አንድ በአንድ አነበብኩ፤ በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዱ ላይ “እሷን እግዚአብሔር ይማርልኝ፣ ታማለች” ይላሉ። የራሳቸው ስም ላይ ስደርስ ቆም አደረጉኝ።

“ድገመው” አሉኝ።

ደገምኩላቸው።